መጀመሪያ የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው

(ባሕር ዳር ላይ ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ለመጡ ወጣት አገልጋዮች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የሰጣችሁኝ ርዕስ "በመንግሥት ስደት ውስጥ የሰባኪ ታማኝነት" የሚል ነው። አብዛኞቻችሁ በደርግ ዘመን ስለተገደሉት ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እንድናገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እናገራለሁ። ግን ያለነው ባሕር ዳር ነው። ጣና በዚህ ጉዳይ የራሱ ትልቅ ምስክር አለው። እሱን ዘልዬ አዲስ አበባ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ስለዚህ ከቅርባችን ልጀምር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰንበት ተማሪ አለ፣ የወንጌል አማኝ አለ፣ ካቶሊክም አለ። ዛሬ የምጠራቸው ሰዎች ከሦስቱም ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ሁሌ ተሰዳጅ፣ ሌላው ሁሌ አሳዳጅ የሆነበት ታሪክ የለንም። ይህን ካልተማመንን እያንዳንዳችን የራሳችንን ሰማዕት ብቻ ቆጥረን ነው ወደ ቤት የምንገባው።

ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ነው። መንግሥት ሰባኪን ሲይዝ "እምነትህን ካድ" ብሎ አይጀምርም። የሚጀምረው በትንሽ ነገር ነው። ለጊዜው ዝም በል። ይህችን ወረቀት ፈርም። ይህን ስም ጥራ። ትንሽ ዞር በል። ታማኝነቱ የሚለየው እዚያች ትንሽ ነገር ላይ ነው። ገመዱ ወይም ጥይቱ ሲመጣ ብዙው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል።

ወደ ጣና እንምጣ።

እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የባላባት ልጅ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አደላና አንድ ቀን ከቤቷ ጠፋች። ባሏ ምን አደረገ? የተሸሸገችበትን ከተማ በጦር አጠፋ። ሰው በእሷ ምክንያት ሲያልቅ ስታይ ከተደበቀችበት ወጥታ ተመለሰች። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ጋር ወግነው በጦርነት ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ የዘመተው ከንጉሡ ጎን ነው። የተገደሉት ጳጳስ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ገድሏ ይነግረናል። እስቲ አስቡት። ጳጳሱ የባረኩበት ልብስ እቤቷ ውስጥ፣ የምርኮ ዕቃ ሆኖ። ከዚያ ወዲያ ያንን ቤት ቤቴ ብላ አልኖረችበትም። ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ራሷን ተላጭታ መነኮሰች።

ንጉሡ ደግሞ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነት መቀበሉን በይፋ አሳወቀ። በ1618 ዓ.ም. ደንቀዝ ላይ ሮም በሾመችው ፖርቱጋላዊ ፓትርያርክ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ተንበርክኮ ለሮም ቤተ ክርስቲያን ታማኝነቱን በመሐላ ገለጸ። የአገሩ እምነት በአዋጅ ተቀየረ ማለት ነው። የቅዳሜን ሰንበት ማክበር ተከለከለ።

ወለተ ጴጥሮስ ማስተማር ጀመረች። የምታስተምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት አትልቀቁ። ሁለተኛ፣ በቅዳሴ ላይ የንጉሡን ስም አትጥሩ።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በቅዳሴ ስለ ንጉሡ ይጸለያል። ስሙ ይነሣል። አንድ ስም ነው። ካህኑ በፍጥነት ብሎት ቢያልፍ ማንም አይጎዳም። ልቡ ሌላ ቢያስብም ማንም አያይም። ብዙ ሰው በዚያ ዘመን "ይህቺን እንኳ ብንልለት ምን ችግር አለው?" ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። እሷ ግን እዚያ ስም ላይ ቆመች። ሕዝቡ የሚሰማው እሱን ነውና። ካህኑ በልቡ ያለውን ማን ያያል? ሕዝቡ የሚያውቀው ከመቅደስ የሰማውን ነው። ካህኑ ስሙን ከጠራ ገበሬው "በቃ፣ ጉዳዩ አልቋል" ብሎ ነው ወደ እርሻው የሚመለሰው።

ያገራችን ሰው "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይላል። አንዲት መነኩሲት በዚያ ዘመን ይህን ስታደርግ ንጉሡ ሊገድላት እንደፈለገ ይነገራል። ባሏ ነው ለምኖ ያስተረፋት። የተወችው ባሏ። ይህም ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ክፉ አድርገን እንዳንስለው ያስገድደናል።

ንጉሡ እንደገና አስጠራት። ያዘዛት ስብከቷን እንድታቆም ብቻ ነው። "ካቶሊክ ሁኚ" እንኳ አልነበረም ትእዛዙ፤ ዝም በይ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እሷ ግን ወደ ጸለምት ሄደችና እዚያ ማስተማሯን ቀጠለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራች። በ1619 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከታሪኳ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ክፍል ነው። አልገረፏትም፤ ጨለማ ቤትም አልጣሏትም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ከሜንዴዝ ጋር እንድትቀመጥ ተደረገ። ሰውየው የተማረ ነው። ትዕግሥተኛም መሆን አለበት፤ ዓመት ሙሉ ተመላልሷልና። በዚያ ላይ እንዲከበር የማይፈለገው ቀን ራሱ ቅዳሜ ነበር።

ጅራፍ ሰውን በአንድ ቀን ነው የሚፈትነው። በየሳምንቱ የሚመጣ ጨዋ ውይይት ግን ሌላ ነገር ነው። በአሥረኛው ቅዳሜ ሰው ይደክመዋል። በሃያኛው ደግሞ ወዳጅነት ይፈጠራል። በሠላሳኛው "ሰውየው እኮ ክፉ አይደለም፣ አንድ ሁለት ነገር ብስማማለት ምን አለበት?" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከእናንተ መካከል በቢሮ ውስጥ ለስላሳ እየተጋበዘ፣ "አንተ ብልህ ልጅ ነህ" እየተባለ የተመከረ ካለ የምለው ይገባዋል። ዓመቱ አለቀ። እሷ አልተለወጠችም። ያኔ ወደ ሱዳን አቅጣጫ፣ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አገር ለሦስት ዓመት አጋዟት።

ከዚያ የሆነውን ንጉሡ አላሰበውም። ሰዎች እየተከተሏት መጡ። መጀመሪያ የመሠረተችው ማኅበር የበቀለው እዚያው ግዞት ቦታ ላይ ነው። በሕይወቷ ሰባት ማኅበራት መሠረተች። አንዱ እዚሁ ከፊታችን፣ ዘጌ ነበር። በጀልባ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያ የቡና ጫካ።

ንጉሡ በመጨረሻ በሰኔ 1624 ዓ.ም. እጅ ሰጠ። በወይና ደጋ ጦርነት የላስታን ዐማፅያን አሸንፎ ነበር፤ ግን የሞተው ሰው በሺዎች የሚቆጠር የራሱ ሕዝብ ነው። የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፤ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖራ በ1635 ዓ.ም. አረፈች። የተቀበረችው ሬማ ደሴት ነው። መታሰቢያዋ ኅዳር 17 ቀን ነው። በስሟ የሚጠራው የቆራጣ ገዳም ከዚያ በኋላ ከንጉሥ ቅጣት የሚሸሹ ሰዎች መማጸኛ ሆነ። ንጉሥ ያሳደዳት ሴት ቤት፣ ንጉሥ ያሳደደው ሁሉ የሚገባበት ቤት ሆነ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። መነሣትም አለበት። "መሸሽ ክህደት ነው ወይ?" የሚል። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 10 ላይ "በአንዲቱ ከተማም መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ" ብሏል። ወለተ ጴጥሮስም ሸሽታለች፤ ያውም ደጋግማ። ስለዚህ ከአገር የወጣውን አገልጋይ ሁሉ ፈሪ የሚል ሰው መጽሐፉንም ታሪኩንም አላነበበም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሽሽቷ ሰው የማያስጎዳ ሲሆን ሸሸች፤ በደረሰችበትም አስተማረች። በእሷ ሽሽት ከተማ ሲጠፋ ግን ወጥታ እጇን ሰጠች። ሚዛኑ ሕዝቡ ነው። "እኔ ብሄድ እነሱ ምን ይሆናሉ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ሌሎቹ ከመሄዴ በፊት ለካቶሊክ ወንድሞቼና እህቶቼ ዕዳ አለብኝ። በፋሲለደስ ዘመን ሚዛኑ ተገለበጠ። ኢየሱሳውያኑ፣ የሜንዴዝ ማኅበር የሆኑት ካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ተባረሩ። በ1630 ዓ.ም. ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሁለት ካህናት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ የራሳችን የጎጃም ሰው መጣ። አባ ገብረ ሚካኤል። የዲቦ ተወላጅ፣ በመርጡለ ማርያም የተማሩ ሊቅ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ለትምህርት የነበራቸው ጥማት እስከ ሮም አደረሳቸው፤ በኋላም ካቶሊክ ሆኑ። በአፄ ቴዎድሮስ መነሻ ዘመን ታሰሩ፣ ተገረፉ። በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። እምነታቸውን አትጋሩ ይሆናል። ግን የስልሳ ዓመት ሽማግሌ በሰንሰለት ሲነዳ "እኔ ያመንኩትን ነው የተናገርኩት" ብሎ መቆሙን ማክበር ይቻላል። እኔ አከብራለሁ።

አቡነ ጴጥሮስን ሁላችሁም ስለምታውቁ አላስረዝምም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት ወደቁ። ከእሳቸው የተፈለገው አርበኞቹን እንዲያወግዙና ለጣሊያን ግዛት እንዲገብሩ ነበር። ጥቂት ቃላት ናቸው። ያንን ቢሉ በክብር ይኖሩ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡ እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትገዛ ገዘቱ።

ከ43 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ማለትም በዚያ መታሰቢያ ዋዜማ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፈኑ።

ቄስ ጉዲና የወለጋ ሰው ናቸው፤ ቦጂ ነው የተወለዱት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። መካነ ኢየሱሶች "ሁለንተናዊ አገልግሎት" ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ አነጋገር የእሳቸው አሻራ አለበት። ቤተ ክርስቲያኒቱ በእሳቸው ዘመን ለውጭ ረጂዎች ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ለጉድጓድ ውኃና ለክሊኒክ ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለስብከት ግን ትሰስታላችሁ፤ ሰውን ለሁለት ከፍላችሁ አትርዱት ነው ነገሩ። ገንዘብ የሚሰጥን ሰው እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም። ደርግ ከመምጣቱ በፊትም ሰውየው ለባለጉልበት አጎንብሶ የሚያልፍ አልነበረም ለማለት ነው ይህን የማነሣው።

አብዮቱ ሲመጣ ኦርቶዶክሱን፣ ካቶሊኩንና ወንጌላውያኑን በአንድ ምክር ቤት ለማሰባሰብ ደከሙ፤ ሰብሳቢውም ሆኑ። ይህ ለዛሬው ጉባኤያችን ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ለየብቻ መመታት እንደማያዋጣ የገባቸው ሰው ነበሩ።

ፖለቲካውንም አልደብቅም። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ናቸው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ በተለይ እንዲህ በብሔር በተቋሰልንበት ጊዜ። እኔ የምለው ይህ ነው። የሰባኪን ታማኝነት በወንድሙ አንመዝን። የአቤልንም በወንድሙ አንመዝነውም። ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን የተፈተኑት በመንጋቸው ነው። መልሳቸውንም በዚያው ሰጡ።

በዚያው በ1971 ዓ.ም. ደጋግመው ታስረው ተፈቱ። ቀጣዩ ምን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። በውጭ ያሉ ወዳጆች ተጨነቁ። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻቸ። አስተውሉ፤ ይህ ከጠላት የመጣ ግብዣ አይደለም። የመጣው ከሚወዷቸው ሰዎች ነው። ምክንያቱም ሁሉ ትክክል ነው። ውጭ ሆነው ስለ ስደቱ ይናገራሉ። ቤተሰብ አላቸው። በሕይወት ቢኖሩ ይጠቅማሉ። እኔ ከጎናቸው ብሆን "ሂዱ" እላቸው ነበር፤ በእውነት።

እሳቸው እምቢ አሉ። የቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኜ መንጋዬን በፈተናው ሰዓት እንዴት ትቼ እሄዳለሁ ነበር መልሳቸው። የጠቀሱትም 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15ን ነው፦ "በሕይወትም ያሉት ስለ እነርሱ ለሞተውና ለተነሣው እንጂ ወደ ፊት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ስለ ሁሉ ሞተ።"

ያን ምሽት ዑራኤል አካባቢ ባለው የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ጉባኤ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ነው የተያዙት። ሁለቱን በተለያየ መኪና ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና አልተመለሱም። ዓመታት ሙሉ ቤተሰቡ ሞቱን እርግጠኛ ሆኖ እርም ማውጣት እንኳ አልቻለም። ለሐበሻ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። አስከሬን የሌለው ቤት፣ ድንኳን ያልተጣለበት ሐዘን። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በሰኔ 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበሩ።

በዚያው በ1971 ክረምት ደርግ ሌላ ሰውም ገደለ። አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ከዚሁ ከደብረ ኤልያስ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ያወረዷቸው አንዱ ክስ ምን ነበር? ለመንግሥት ሳያሳውቁ ጳጳሳት ሾሙ የሚል። አያችሁ፣ እዚህም ትንሽ ነገር ነው። አስቀድሞ ማስታወቅ። አንድ ደብዳቤ። ያ ደብዳቤ ቢጻፍ ግን ጳጳስ የሚሾመው ማን መሆኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይለወጣል። ከሾሟቸው አንዱ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፤ እሳቸውም ለዓመታት ታስረዋል። የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አሁን ያረፉት ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው።

አንድ የወለጋ ፕሮቴስታንት ቄስ፣ አንድ የጎጃም ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ፤ አንድ ክረምት፣ አንድ ገዳይ። ይህን በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየወጣት ኅብረቱ አንድ ላይ ብንነግረው ደስ ይለኛል። እስካሁን ለየብቻ ነው የምንነግረው።

አሁን ብዙ ጊዜ ስለሚረሱት። ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያች ሌሊት በኋላም አልተተዉም። በቀጣዩ ዓመት ታሰሩ፣ ክፉኛ ተሠቃዩ፣ አሥር ዓመት ገደማ ወህኒ ቤት ቆዩ። ሰባኪውን እናውቃለን፤ ዐሥር ዓመት የታሰሩትን ባለቤቱን ስንቶቻችን እናውቃለን? የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንንም ተመልከቱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፤ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። ያኔ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። በየቤቱ፣ በትንንሽ ቡድን፣ መዝሙር ድምፅ ዝቅ ተደርጎ እየተዘመረ ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። የእነዚያ ሳሎኖች ባለቤቶች፣ በብዛት እናቶች፣ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ጎረቤት ሲጠይቅ "ማኅበር ነው"፣ "ልደት ነው" እያሉ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች።

ለዚህ ነው አንድ ሥራ ይዤላችሁ የመጣሁት።

በየቤታችሁ፣ በየደብራችሁ፣ በየአጥቢያችሁ ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች አሉ። ሰባዎቹን አልፈዋል። በስልካችሁ ቅዷቸው። "እንዴት ነበር?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ከባድ ነበር" ብለው ያልፏችኋል። ሰዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ ምን እንደጠየቋቸው ጠይቁ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ። ወረቀት ነበር? ስም ነበር? ስብሰባ ላይ መገኘት ነበር? ቀጥሎ ወህኒ ቤት ስንቅ ማን ያመላልስ እንደነበር ጠይቁ። የቀረው ቤተሰብ ማን ቤት እንዳደረ፣ የቤት ኪራዩን ማን እንደከፈለ ጠይቁ።

የፈረሙም ይኖራሉ። እነሱንም ስሙ፤ በጥንቃቄ፣ ስማቸውን ሳትጽፉ፣ ሳትፈርዱባቸው። ልጅ ታስሮበት የፈረመ አባት ከኔና ከናንተ በላይ ያውቃል የዚያን ብዕር ክብደት።

ሳታበዙ በወር አንድ ሰው ይበቃል። የሰበሰባችሁትን ለየቤተ ክርስቲያናችሁ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ እርስ በርስ ተለዋወጡ። የመካነ ኢየሱሱ የኦርቶዶክሱን፣ ኦርቶዶክሱ የካቶሊኩን ይስማ።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።